መንገድ ለነካው ቤት ካሳ አለ፤ ገበያ ለነካው እንጀራስ?

የቀለበት መንገድ ሲሠራ ኮልፌ የነበረ ሰው አይረሳውም። ከዊንጌት ተነስቶ በ18 ማዞሪያ አድርጎ ወደ ጦር ኃይሎች የሚወርደው ያ ሰፊ አስፋልት ከመምጣቱ በፊት፣ መጀመሪያ የመጣው ቀለም ነው። ቀለምና ሜትር የያዙ ሰዎች መጡ፤ ግድግዳና አጥር ላይ ምልክት አደረጉ፤ ሄዱ። ቀጥሎ ኮሚቴ መጣ። የቤቱ ስፋት ተለካ፣ ክፍሉ ተቆጠረ፣ አጥሩ ቆርቆሮ ይሁን ግንብ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ "ይህን ያህል ይገባሃል" ተባለ። አነሰኝ ብሎ ያማረረ አለ፤ ዘገየብኝ ብሎ የተመላለሰም አለ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያንን ገንዘብ ማንም ሰው "እርዳታ" ብሎ አልጠራውም። ካሳ ነው የተባለው። ለባለቤቱም "ድሮስ መንገድ በሚያልፍበት ቦታ ቤት ሥራ ማን አለህ?" ያለው ሰው የለም።

ለምን አላለውም? ነገሩ ግልጽ ስለሆነ ነዋ! መንገዱ የሁላችንም ነው። ብዙ ሕዝብ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እንዲያተርፍ ተብሎ ጥቂት ሰው ቤቱን አጣ። ያተረፈው ላጣው ይከፍላል። ይህን ለመረዳት ፍልስፍና መማር አያስፈልግም፤ የሰፈር ሽማግሌ ይበቃል።

እንግዲህ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሰፈር፣ ቀለምም ሜትርም ሳይዝ ያለፈ ሌላ መንገድ ነበር። እሱ ቀረጥ ይባላል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1985 ዓ.ም. ነው። መንግሥት የኢኮኖሚ ማሻሻያ ፕሮግራም ብሎ ብዙ ነገር ቀየረ። ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተነስቶ 5 ብር የገባው ያኔ ነው። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ ደግሞ በተራው ይወርድ ጀመር። ከፍተኛው የቀረጥ መጣኔ 230 በመቶ ነበር፤ ዐሥር ዓመት ገደማ በፈጀ ደረጃ በደረጃ ቅነሳ ወደ 35 በመቶ ወረደ። ከጀርባው ምክርም ብድርም የሰጡት ዓለም ባንክና አይ ኤም ኤፍ ናቸው። (በእኛ ክፍለ ከተማ ዓለም ባንክ ማለት ሌላ ነው። ከአየር ጤና ወዲያ ያለ ሰፈር ነው፤ ስሙን ያገኘው በባንኩ ገንዘብ ከተሠሩት ቤቶች ነው። የታክሲ ረዳት ቀኑን ሙሉ "ዓለም ባንክ! ሁለት ሰው፣ ዓለም ባንክ!" እያለ ስሙን የሚጠራለት ባንክ በዓለም ላይ ሌላ ያለ አይመስለኝም።)

ቀረጡ መውረዱ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ይህን አሁኑኑ ልናገር፤ አለበለዚያ ጽሑፉ ወደ ሌላ ቦታ ይሄድብኛል። 230 በመቶ ቀረጥ ማለት አገር ሙሉ ሰው ለጥቂት ፋብሪካዎች ግብር እንዲከፍል ማስገደድ ነው። ልጆቿን በመስከረም ትምህርት ቤት የምትልክ የኮልፌ እናት በአንዱ ጫማ ዋጋ ሁለት መግዛት ከቻለች እሰየው! ርካሹን ጫማ መግዛቷ ኃጢአት አይደለም። ነጋዴውም ከቻይና ጓንግዡ ጭኖ ማምጣቱ ወንጀል አይደለም። ቻይናዊውም እንጀራውን ነው የጋገረው። የዚህ ጉዳይ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። ጉዳት አለ፣ ጥፋተኛ ግን የለም። እኛ ደግሞ ጥፋተኛ ካላገኘን ጉዳቱንም የምንረሳ ሰዎች ነን።

ጉዳቱ እንዴት ነበር? የቻይና ጫማ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መርካቶን ሞላው። ሽቅርቅር ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ዋጋው የማይታመን። የሸራ ተራ ጫማ ሰፊዎች መጀመሪያ ሳቁ አሉ። "ይሄ ዝናብ ሲያየው ይፈርሳል" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ብዙው ፈረሰ። ግን ጫማው እስኪፈርስ ድረስ የሰፊው ቤት ቀድሞ ፈረሰ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ተገኘ ገብረእግዚአብሔር በዚያ ሰሞን 96 አነስተኛና መካከለኛ የጫማ አምራቾችን አጥንተው ነበር። ካጠኗቸው ውስጥ 28 በመቶው ከገበያ ወጥተዋል፤ 32 በመቶው ሥራቸውን ቀንሰዋል። በአማካይ 41 ሠራተኛ የነበረው መካከለኛ ድርጅት ወደ 17 ወርዷል። 41 ሲቀነስ 17፣ 24 ነው። እነዚያ 24 ሰዎች ማታ ማታ የሚገቡበት ሰፈር አላቸው። የመርካቶ ሠራተኛ ማደሪያው የት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ኮልፌ የሚወርደውን እግረኛ ይቁጠር።

ከነዚህ ዓይነት ሰዎች አንዱን አውቃቸዋለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። በአንድ የጫማ ፋብሪካ 20 ዓመት ሠርተዋል፤ ፋብሪካው የትኛው እንደሆነ እዚህ አያስፈልግም። እጃቸውን ያየ ሰው ሥራቸውን ያውቃል፤ የማስቲሹ ጠባሳ ዛሬም አውራ ጣታቸው ላይ አለ። በደርግ ጊዜ "ላብ አደር" ይባሉ ነበር። በግንቦት ሃያ ማግሥት "ሠራተኛ" ሆኑ። ቆይቶ "ትርፍ ኃይል" ተባሉ። ሰውየው ያው ናቸው፤ የተለዋወጠው መጠሪያቸው ነው።

ሲቀነሱ በሕጉ መሠረት ነው የተቀነሱት። በዚህ ላይ ቅሬታ የላቸውም። ሕጉን ደግሞ እንደ ዳዊት ነው የሚደግሙት፤ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ነበሩና። አዋጅ ቁጥር 377/1996 እንዲህ ይላል፤ የምርት ተፈላጊነት ከቀነሰ አሠሪው ሠራተኛ ሊቀንስ ይችላል። በችሎታ እኩል ከሆኑት ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው በአገልግሎት አጭሩ ነው፤ ነፍሰ ጡር ወደ መጨረሻው ነች። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀጣዩ እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በቅነሳ ለወጣ ሰው ደግሞ የ60 ቀን ጭማሪ። የጋሼን አስሉት። 30፣ በዚያ ላይ 19 ጊዜ 10፣ በዚያ ላይ 60። 280 ቀን። ለ20 ዓመት ዕድሜ ዘጠኝ ወር ከምናምን! ዛሬም በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስሌቱ ይኸው ነው።

ዘጠኝ ወር ቀላል አይደለም ትሉ ይሆናል። እኔም ቀላል ነው አልልም። ግን ከፋዩን ተመልከቱ። ከፋዩ አሠሪው ነው። ያውም ገበያ አጥቶ ሠራተኛ የቀነሰው አሠሪ። የሚሰጥመውን ሰው "ሌላ የሚሰጥም አለና አንተ አውጣው" እንደማለት ነው። የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ሁሉ ይቀድማል የሚል አንቀጽ አለ፤ ደግ አንቀጽ ነው። ነገር ግን ካዝናው ባዶ ከሆነ ባዶ ካዝና ላይ አንደኛ መሆን ምን ይረባል? ቀረጡን የቀነሰው መንግሥት፣ ርካሽ ጫማ ያገኘነው እኛ፣ ሁላችንም ከዚህ ሒሳብ ውስጥ የለንበትም። በመንገዱ ጊዜ ያተረፈው ከፈለ። በቀረጡ ጊዜ የከሰረው ለከሰረው ከፈለ።

ጋሼ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲያወሩ ረጋ ብለው ነው። ቴሌቪዥኑ በስንተኛው ወር፣ ቁም ሳጥኑ በስንተኛው ወር እንደተሸጠ ያስታውሳሉ። ባለቤታቸው እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤት ማስረከብ ጀመሩ። ትልቋ ልጅ የማታ ትምህርት አቋርጣ ቤይሩት ሄደች። የዕድሩ መዋጮ ሦስት ወር ያለፈባቸው ጊዜ ዳኛው ቤታቸው ድረስ መጥተው በትሕትና አስታወሷቸው። ያኔ የተናገሩትን ሰፈሩ አይረሳውም። "ሞቼ ቢሆን ድንኳን ይተከልልኝ ነበር" አሉ። "ሥራዬ ስለሞተ ግን ወንበር እንኳ የሚያመጣ የለም።"

ይሄ ንግግር ለብዙ ጊዜ ከጆሮዬ አልወጣም። እኛ እኮ ለችግር መድረስ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ለሞት ዕድር አለን። ለሰርግ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለንግድ መነሻ ዕቁብ አለን። ለታመመ መጠየቂያ ይዘን እንሄዳለን። ሥራ ለተነጠቀ ሰው ግን ሥርዓት የለንም። "አይዞህ፣ እግዜር ሌላ ይከፍትልሃል" ብለን መንገዳችንን እንቀጥላለን። ምክንያቱ ክፋት አይመስለኝም። አያቶቻችን ከሥራ የሚባረር ሰው አላዩም። መሬት የነቀለው ሰው ነበር፣ ድርቅ የመታው ሰው ነበር፤ በሐዋላና በመርከብ የመጣ ጫማ ቤቱን የዘጋበት ሰው ግን አልነበረም። ዕድሩ አዲሱን ሞት አያውቀውም።

ሕጉስ? ከሕጎች ሁሉ በላይ የሆነውን እንመልከት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ርዕሱ የአካባቢ ደህንነት መብት ነው። ስለ አየርና ስለ ውኃ ነው ብሎ አብዛኛው ሰው ያልፈዋል። ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ ግን የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ የማግኘት መብት አላቸው ነው ፍሬ ነገሩ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ብቻ አላለም፤ ኑሯቸው የተነካባቸውንም ጨመረ። የኢኮኖሚ ማሻሻያ ፕሮግራም ደግሞ ስሙ ራሱ ፕሮግራም ነው! እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቆች ይህ አንቀጽ የተጻፈው ለግድብና ለመንገድ ነው፣ ለቀረጥ አይደለም ሊሉኝ ይችላሉ። ይሁን። የእኔ ጥያቄ የፍርድ ቤት አይደለም፤ የኅሊና ነው። ግድብ ኑሮውን ያጠፋበትን ሰውና ቀረጥ ኑሮውን ያጠፋበትን ሰው የሚለያቸው ምንድን ነው? ግድቡ ይታያል፣ ቀረጡ አይታይም። ከዚህ ሌላ ልዩነት ካለ የሚነግረኝ እፈልጋለሁ።

መንግሥት እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም እንዳይባል፣ አድርጓል። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን ወደ 455 ሺህ የሚሆን ወታደር ሜዳ ላይ ቀረ። የተሸነፈ ጦር ነው፣ የጠላት ጦር ነው የተባለ። ሆኖም በዚያው ዓመት የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቋመ። ራሽን ተሰጠ፤ ወደ ገጠር ለሚመለሰው ዘርና የእርሻ መሣሪያ፣ ለከተሜው ሥልጠናና ብድር ተፈለገ። በቂ ነበር አልልም፤ አውቶቡስ ተራ ቁጭ ብለው የለመኑትን ወታደሮች አይተናል። ቢሆንም ሐሳቡ ነበር። "ሥራህን ያጠፋሁት እኔ ነኝና ዝም ብዬህ አልሄድም" የሚል ሐሳብ። ለተሸነፈ ወታደር የተሰላ ሒሳብ ለጫማ ሰፊ ሳይሰላ ቀረ። ወታደሩ ካልተያዘ ያስፈራል። ጫማ ሰፊው አያስፈራም። ነገሩን በደግነት መተርጎም ብፈልግ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልቻልኩም።

አሜሪካኖች ይህን ጥያቄ በግልጽ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀረጥ ለመቀነስ ሥልጣን ሲጠይቁ፣ በዚያ ምክንያት ሥራ ለሚያጣ ሠራተኛ ሳምንታዊ ድጎማና የሙያ ሥልጠና የሚሰጥ ፕሮግራም አብሮ በሕጉ ገባ። ጥሩ ነው አይደል? ታዲያ መስፈርቱ ከመጥበቁ የተነሳ እስከ 1969 ድረስ አንድም የሠራተኛ ማመልከቻ አልጸደቀም። ሰባት ዓመት! ሥራህን ያጣኸው በዋናነት በቀረጡ ቅነሳ መሆኑን አረጋግጥ ነው የሚሉት። ለመሆኑ ማን ያረጋግጣል? ጋሼ ከፋብሪካ የወጡት በቻይና ጫማ ነው? በፋብሪካው አሮጌ ማሽን ነው? በሥራ አስኪያጁ ስንፍና ነው? ወይስ ጥሩው ቆዳ ወደ ውጭ እየተላከ ለአገር ውስጡ ውዳቂው ስለቀረ ነው? ሁሉም ድርሻ አለው። ደሃ ሰውን የኢኮኖሚ ምርምር ሠርተህ ካልመጣህ አልከፍልህም ማለት በሌላ ቋንቋ አልከፍልህም ማለት ነው። በኋላ መስፈርቱ ላላ፣ ፕሮግራሙ ብዙ ሠራተኛ ረዳ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ግን ኮንግረሱ ሳያድሰው ቀርቶ አዲስ አመልካች መቀበል አቆመ። ሀብታም አገርም ይሰለቻል።

አሜሪካን ካነሳን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ፒ ቪ ኤች የተባለው ትልቅ ኩባንያ ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወጣ። ብዙ ወጣት ሴቶች ከመስፊያው ቤት ወደየመጡበት ተመለሱ። ያን ጊዜ ምን አልን? "ከፖለቲካው ምንም የሌሉበት ድሆች ሴቶች ለምን ይቀጣሉ? አሜሪካ በአንድ ፊርማ የእነዚህን ልጆች እንጀራ መቁረጥ አይገባትም" አልን። ባለሥልጣን አለ፣ ጋዜጣ አለ፣ እኔም አልኩ። ልክ ነበርን። ግን እኮ እኛም በአንድ ፊርማ የሸራ ተራውን ሰው እንጀራ ስንቆርጥ "ገበያ ነው፣ ተወዳደር" ነው ያልነው። ሌላው በሩን ሲዘጋብን በደል ነው፤ እኛ በራችንን ስንከፍት ሒሳብ ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ውሳኔ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም የተሳሳቱ ሊሆኑ ይችላሉ። የተጎዳችዋ ልጅና የተጎዱት አዛውንት ግን ውሳኔውን አልወሰኑም፣ አልተጠየቁም፣ ሒሳቡ ግን በእነሱ ላይ ወጣ።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ። አንድ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ወዳጅ አለኝ፤ ይህን ሐሳቤን ሳነሳለት ይስቅብኛል። "የጫማውን ታሪክ ጨርሰህ ተናገር እንጂ" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ታሪኩ እዚያ አላበቃም። የአዲስ አበባ ጫማ ሰፊዎች ከድንጋጤያቸው ነቁ። የጣሊያን ፋሽን መቅዳት ጀመሩ፣ ጥራት አሻሻሉ፣ ሸማቹም በቻይናው ጫማ ፍርስራሽ ተማረረ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ገበያውን መልሰው ያዙ። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ሳይቀሩ እንዴት ተሳካላቸው ብለው አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ኩባንያ ራሱ ዱከም መጥቶ ጫማ መሥራት ጀመረ። "አየህ?" ይላል ወዳጄ። "ያኔ ደጉመሃቸው ቢሆን ኖሮ ተኝተው ይቀሩ ነበር። ችግሩ ነው ያጠነከራቸው።"

ጥሩ ክርክር ነው። ግን የተጠነከረው ማን ነው? ጫማ ነው የተነሳው ወይስ ጫማ ሰፊው? ወዳጄ "ዘርፉ አገገመ" ይላል። ዘርፉ ሚስት የለውም፣ ዘርፉ የዕድር መዋጮ አይከፍልም። ጋሼ አላገገሙም። ገበያውን መልሶ የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ ወጣት፣ ትንሽ ካፒታል የነበረው፣ አዲስ ፎርማ መግዛት የቻለ። እሰይ፣ ይብላው! ነገር ግን የእሱ ማግኘት የጋሼን ማጣት አይከፍልም። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንድን ሰው አስርቦ ሌላውን በማብላት ጠረጴዛው ላይ ያለው እንጀራ አልጎደለም ማለት የሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ነው፤ የጎረቤት ዓይን አይደለም። ደግሞስ ድጎማ ያሰንፋል ከተባለ፣ መንገድ ለነካው ቤት የተከፈለው ካሳ ማንን አሰነፈ?

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብደኛል። ይህን ያነሳችልኝ የምኖርበት ግቢ የምትሠራ ከደቡብ ጎንደር የመጣች ልጅ ናት። "ጋሼ እኮ 20 ዓመት ደመወዝ በልተዋል" አለችኝ። "አባቴ አንድ ቀን ደመወዝ ሳያይ ነው ያረጀው። ለእሱ ማን ይክፈለው?" ለሷ የሚሆን ፈጣን መልስ የለኝም። የወደቀውን ለማንሳት የምንሮጥ፣ መጀመሪያውኑ ተነስቶ የማያውቀውን ግን የምናልፍ ከሆነ፣ ይህ ፍትሕ ሳይሆን የከተሜ አድልዎ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ለየት አድርጎ ማሰብ ይጠይቃል። ለድሃ መድረስ አንድ ግዴታ ነው፤ ያጎደልነውን መተካት ሌላ ግዴታ ነው። የመጀመሪያው የሚጠይቀው "ምን ያህል ተቸግረሃል?" ብሎ ነው፤ ሁለተኛው "ይህን ያደረግንብህ እኛ ነን ወይ?" ብሎ። ለመጀመሪያው በ1997 ዓ.ም. በገጠር የሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ፤ ሚሊዮኖች ገቡበት። ለከተማው ደግሞ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ዐሥር ከተሞች መጣ፤ ጠዋት ጠዋት ኮልፌ ውስጥ ኮፍያ አድርገው መንገድ የሚጠርጉትን እናቶች ታውቋቸዋላችሁ። መልካም ሥራ ነው። ግን ጋሼ ያኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢኖር እንኳ አይገቡበትም ነበር። ፕሮግራሙ የሚመርጠው ከድሃ ድሃውን ነው። ከፋብሪካ በወጡ በመጀመሪያው ወር ጋሼ ቴሌቪዥን አላቸው፣ ቁም ሳጥን አላቸው። ኮሚቴው ቤታቸውን አይቶ "እርስዎ ደህና ነዎት" ነው የሚላቸው። መጀመሪያ ያላቸውን ሁሉ ሸጠው ይጨርሱ፣ ልጅቷ ቤይሩት ትሂድ፣ ከዚያ በኋላ ተመልሰው ይምጡ! እስኪደኸዩ ጠብቆ መርዳት መጀመሪያ ከመደኽየት ከማዳን ይልቅ ውድ ነው፤ ይህን ደግሞ የኢኮኖሚክስ ወዳጄም ይስማማበታል።

የልጅቱ አባት ግን ከሁለተኛው ግዴታም ውጪ ናቸው ብዬ አልደመድምም። የማዳበሪያ ድጎማ ሲነሳ፣ የእህል ዋጋ በስንዴ እርዳታ ሲወድቅ፣ በመንግሥት ውሳኔ ኑሯቸው ተነክቶ ይሆናል። ከሆነ ለሳቸውም ዕዳ አለብን። ለጋሼ ይገባል ማለት ለሳቸው አይገባም ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ተቃውሞ ሳይሆን ችግር ነው፤ ሁሉንም ነገር የሚያበላሽብኝም እሱ ነው። ጋሼ ፔሮል ላይ ስማቸው ነበር። የጡረታ መለያ ነበራቸው፣ መታወቂያ ነበራቸው። ካሳ ይከፈል ቢባል ዝርዝራቸው ይገኛል። የሸራ ተራው ሰፊ ግን አብዛኛው ከአጎቱ ልጅ ጋር በአንድ ክፍል፣ በቁራጭ ሒሳብ የሚሠራ ነበር። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት የለም። ለእሱ ምሳ የምታቀርብ የነበረችው ሴት ደግሞ ከእሱም በታች፣ ጭራሹኑ ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ከሽሮ ሜዳ እስከ ኮልፌ ያሉትን የጋሞ ሸማኔዎች ተመልከቱ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የጥበብ መልክ የታተመበት የቻይና ጨርቅ "የሀበሻ ልብስ" ተብሎ በበዓል ዋዜማ ገበያውን ሲሞላው፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ መወርወሪያ የሚወረውረው ሰው ሥራ ቀነሰበት። ማን ቆጠረው? የቀጠረው አሠሪ የለም፣ ስለዚህ "ሥራ አጣ" አይባልም። ያለው ሰው ካሳ የሚያገኝበት፣ የሌለው ሰው የማይቆጠርበት ፕሮግራም እንዳይሆን እፈራለሁ። መንገዱ ሲሠራም እኮ ባለቤቱ ካሳ ሲቀበል ጭቃ ቤቱን ተከራይቶ የሚኖረው ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ነው የወጣው።

ለዚህ መድኃኒቱ ፋብሪካን ትቶ ሰፈርን መጠየቅ ይመስለኛል። ማን ምን ይሠራ እንደነበር፣ መቼ እንዳቆመ፣ ከፋብሪካው መዝገብ ይልቅ ዕድሩ ያውቃል። የመዋጮ ደብተሩን ገለጥ ማድረግ ነው። ማን በየትኛው ወር መክፈል እንዳቃተው እዚያ ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ያቃተው ወር ካለ ያ ወር ምን ገበያ ላይ እንደገባ መጠየቅ ነው። ገንዘቡስ ከየት? ከዚያው ከገባው ዕቃ። ቀረጡ ቢወርድም ዜሮ አልሆነም፤ በጉምሩክ በር ከሚገባው ጫማ ላይ የሚሰበሰበው ብር ወደ ትልቁ ካዝና ገብቶ ይጠፋል። ከሱ ላይ ጥቂቷ ተቆርጣ ጫማው ላፈናቀለው ሰው ብትውል ጫማው አይወደድም፣ በሩም አይዘጋም።

በሩን ለመዝጋት የሞከርንበትን ጊዜም አይተናል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ ተከለከሉ፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ ዶላሩ በገበያ ይወሰን ሲባል ክልከላው በአንድ ቀን ተነሳ። በክልከላው ሰሞን ተስፋ አድርጎ ማሽን የገዛ ሰው ነበር፤ በተነሳ ማግሥት ማሽኑን ታቅፎ ቀረ። ሲዘጋም ሲከፈትም ቀድሞ የተነገረው የለም።

አገራችን የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ድርድሩ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል። የአፍሪካን ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነትም በ2011 ዓ.ም. አጽድቃለች። በእንዲህ ያሉ ድርድሮች ላይ ተደራዳሪዎቹ የሚይዙት ረጅም ሰንጠረዥ አለ፤ በአንዱ ዓምድ የዕቃው ዓይነት፣ በሌላው ዛሬ ያለው ቀረጥ፣ ቀጥሎ ወደፊት የሚሆነው ቀረጥ። ጫማ፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ፣ ክብሪት፣ ሁሉም በየተራው። ከጎኑ አንድ ዓምድ እንዲጨመር እጠይቃለሁ። በዚህ ዕቃ ስንት ሰው ይኖራል፣ በየትኛው ወረዳ፣ በፔሮል ያለው ስንት፣ ያለ ፔሮል ያለው ስንት። ተደራዳሪው ከ35 ወደ 20 ብሎ ከመፈረሙ በፊት ቀለምና ሜትር የያዙ ሰዎች ወደ ኮልፌ ይምጡ፤ ከአጠና ተራ ይጀምሩ፣ በሩን እያንኳኩ ይመዝግቡ፣ ተከራዩንም ጭምር።